ጓሳን የመዝጋት ሥልጣን የመንዞች ነው

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መንዝ ውስጥ፣ አብዛኛውን ማረሻ ያልነካው ሰፊ የሣር ምድር አለ። ጓሳ ይባላል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ዙሪያውን የሰፈረው ገበሬ ገብሱን ውርጭ የሚቀማው፣ ማሳው ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ያነሰበት፣ በጎቹን የሚያሰማራበት የጠበበው ሕዝብ ነው። እንዲህ ባለ አገር መካከል ይህን የሚያህል ሣር ሳይታረስና ተግጦ ሳያልቅ መቆየቱ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ለብዙ ዘመን ዘበኛ ያቆመለት መንግሥትም አልነበረም። ያቆዩት መንዞች ናቸው፤ ያቆዩትም ተሰብስበው፣ ተመካክረው፣ ራሳቸው ባወጡት ሕግ ራሳቸውን ከልክለው ነው።

ሕጉ የቄሮ ሥርዓት ይባል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ከተሰማው የፖለቲካ መጠሪያ ጋር አይገናኝም። መነሻው ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። የአካባቢው ትውፊት ምድሩን ያቀኑት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ናቸው ይላል፤ ጓሳም ለሁለቱ ወገን ተከፍሎ ኖሯል። እያንዳንዱ ወገን አለቃውን፣ አባ ቄራውን፣ በሽማግሌዎች ፊት ይመርጣል። ጓሳ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚያስታውቀው አባ ቄራው ነው። መዝጋት ሲባል ለአንድ ክረምት ብቻ እንዳይመስል፤ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ከብት አያስገባም፣ ማንም ማጭድ አያነሳም። ሣሩ ሲደርስ በበጋው እኩሌታ፣ የካቲት አካባቢ፣ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ይለፈፋል። ሕዝቡ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሣር ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል፣ ጨረንፌ የተባለውን ቁጥቋጦ ለማገዶ ይለቅማል። ዝናብ ሲጀምር ሁሉም ይወጣል፤ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን ጓሳ ዳግመኛ ይዘጋል።

ይህን ሥርዓት በጥልቀት ካጠኑት መካከል ዶክተር ዘላለም ተፈራ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከናይጀል ሊደር-ዊልያምስ ጋር ባሳተሙት ጥናት የመንዝን አሠራር ለዓለም ምሁራን አስተዋውቀዋል። ጥናቱ የመጣበት ጊዜም ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን የጋራ የሆነ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም፣ መፍትሔው ወይ የግል ማድረግ ወይ መንግሥት እንዲይዘው ማድረግ ነው የሚል ጽሑፍ ካወጣ ወዲህ፣ ብዙ የልማት ባለሙያ ይህንኑ እንደ እምነት ቃል ሲደግም ኖሯል። ኤሊኖር ኦስትሮም ከስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ እስከ ፊሊፒንስ የመስኖ ማኅበራት ማስረጃ ሰብስባ ሐሳቡን ሞገተች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሰዎች አንዷም ሆነች። እሷ በመጽሐፍ ያስረዳችውን፣ ተጠቃሚው ተለይቶ ከታወቀ፣ ደንቡን ራሱ ካወጣና ጠባቂውን ራሱ ከሾመ የጋራ ሀብት እንደሚጠበቅ፣ መንዞች ከ300 ዓመት በላይ በተግባር ኖረውታል።

ያም ሆኖ ቄሮን ማሞገስ ብቻ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መብቱ በአጽመ ርስት የሚወረስ ነበር። ከአስቦና ከጌራ ወገን ያልሆነ ሰው፣ እዚያው ቀዬ ተወልዶ ቢያድግም፣ ከጓሳ ሣር ድርሻ አልነበረውም። የተከለለው ምድር ለአንዱ የቤት ክዳን፣ ለሌላው ከሩቅ የሚያየው የሰው ሀብት ነበር። ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ፣ በመንዝ ብዙ ድሃ በደስታ ቢቀበለው የሚያስገርም አይደለም። መብት ያልነበረው መብት አገኘ። ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነበር።

ስህተቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አዋጁ የባለ ርስቱን ብቸኛ መብት ሲያነሳ የአባ ቄራውን ሥልጣንም አብሮ አነሳው። ሁሉም መግባት ቻለ፤ የሚዘጋ ግን ጠፋ። ከብቱም ማጭዱም በአንድ ጊዜ ገባ፤ ዓመታት ሲጠብቁት የነበረው ሣር ማረፊያ አጣ። ድርሻን ማስፋትና ደንብን ማፍረስ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ጊዜ አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሥልጣን አላስተዋለም። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከደረሱት የአካባቢ ጉዳቶች ብዙዎቹ የተወለዱት ከዚህ ዓይነት ችኮላ ነው፤ ነባሩ ተቋም በጉድለቱ ይፈርሳል፣ በቦታው የሚተካ ግን አይዘጋጅም።

መንዞች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በእድር አምሳል ኮሚቴ አቋቋሙ። ተወካዮቹ የተመረጡት ጓሳን ከሚጠቀሙት የገበሬ ማኅበራት ነው፤ በዚህም የዘር ሐረግ መቁጠር ቀርቶ የአካባቢው ነዋሪ መሆን በቂ ሆነ። እድርን መምረጣቸው ብልህነት ነበር። እድር በደርግም ሆነ ከደርግ በኋላ ያልፈረሰ፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ የቀረ የሚቀጣበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ተቋም ነው። የቄሮን ጥብቅነት ከእድር እኩልነት ጋር ያጋባው ይህ አዲስ አሠራር ቀስ በቀስ እየጠነከረ ሄዶ፣ የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርም እያገዘው፣ በኋላ የክልሉ መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ብሎ በሕግ እንዲያውቀው አስችሏል። ዛሬ ከአካባቢው የተቀጠሩ ጠባቂዎች አሉት፤ እንግዳ የሚያድርበት የማኅበረሰቡ ሎጅም ተሠርቶለታል።

ውጤቱን ለማየት እንስሳቱን መመልከት ይበቃል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ተራሮች ነው፤ ከመኖሪያዎቻቸው አንዱ ጓሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የጭላዳ መንጋዎችን በጓሳ የሚከታተሉ ተመራማሪዎች አንድ የሚያስደንቅ ነገር መዝግበዋል። ቀይ ቀበሮ ሣር በሚግጡ ጭላዳዎች መሐል ገብታ አይጥ ስታድን ከሙከራዋ 67 በመቶው ይሳካላታል፤ ብቻዋን ስታድን ግን 25 በመቶው ብቻ። ጭላዳዎቹ አይሸሹም፤ እሷም ግልገላቸውን አትነካም። ይህ ጉርብትና እንዲኖር ሣር፣ በሣሩ ውስጥ አይጥ፣ በላዩም ያልተረበሸ መንጋ ያስፈልጋል። ሦስቱንም ያስገኘው ሣሩን የሚዘጋ ሰው መኖሩ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች እንሂድ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዩኔስኮ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ። ጥበቃው ግን ከጅምሩ የተዋቀረው ነዋሪውን እንደ እንቅፋት በማየት ነበር። በደርግ ዘመን በፓርኩ ውስጥ የነበሩ መንደሮች በግዳጅ ተነሱ፤ ጦርነት ሲመጣ ፓርኩ ጠባቂ አጣ፤ ሕዝቡም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1996 ቅርሱ አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። ለመውጣቱ አንዱ ምክንያት ከ400 በላይ አባወራ የነበረበት የግጭ መንደር ወደ ደባርቅ መዛወሩ ነው። ተነሺዎቹ ካሳ ተከፍሏቸዋል። ሆኖም ተራራውን ትተው ከተማ ዳር የሰፈሩ ገበሬዎች እርሻና ከብት ርቋቸው አዲስ ኑሮ መጀመር ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የዋልያ ቁጥር በብርቱ ማሽቆልቆሉ ተዘግቧል። ሰውን ማንሳት ብቻውን እንስሳውን አላዳነውም።

ሁለቱን ቦታዎች ማስተያየት ከባድ መሆኑ እውነት ነው። ሰሜን ገደላማና ሰፊ ነው፤ ጦርነትም ደጋግሞ ያደቀቀው አገር ነው። ቢሆንም አንድ ልዩነት ዓይን ያወጣል፦ በመንዝ ጥበቃው ያለ መንግሥት ጀምሮ ኋላ መንግሥት ደገፈው፤ በሰሜን ጥበቃው ከመንግሥት ጀምሮ ሕዝቡ እንዲከተለው ተጠየቀ። መንግሥት ሲዳከም የትኛው እንደሚቆም ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የሰሜኑ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ክልሉ ሰላም አላገኘም። ጎብኝው በቀረበት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ገጠር መውጣት በሚፈራበት ጊዜ፣ ጓሳን ሊጠብቅ የሚችለው ዙሪያውን የሚኖረው ሕዝብ ብቻ ነው።

በአገራችን ስለ ማኅበረሰብ ተሳትፎ ብዙ ይነገራል። በየዓመቱ በበጋው ወራት ሚሊዮኖች አካፋና ዶማ ይዘው ለተፋሰስ ልማት ይወጣሉ፤ እርከን ይሠራሉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ክፍያም አይጠይቁም። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ የተራቆቱ ተዳፋቶች ተመልሰው የለመለሙባቸው ቦታዎች አሉ። ነገር ግን ከእርከኑ በኋላ ቦታው ይዘጋ ወይስ ይከፈት፣ ሣሩን ማን ይጨድ፣ ገቢውን ማን ይካፈል የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሌላ አካል ነው። ገበሬው ጉልበቱን እንዲያዋጣ ይጠራል፤ ውሳኔው ላይ ሲደረስ አይጠየቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲ ሲነደፍና ሲተገበር ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ሰጥቶታል። ሐሳብ መግለጽና መወሰን ግን አንድ አይደሉም።

ሕጋችን ሌላም ክፍተት አለበት። የ2010 ዓ.ም. የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት አውቆታል፤ መልካም እርምጃ ነው። ጓሳ ግን ደን አይደለም። አስታና ጅብራ እዚህም እዚያም ቢታይበትም ዋናው ሀብቱ ሣር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ የአረንጓዴ ሥራዋን በችግኝ ብዛት ስትቆጥር ቆይታለች፤ ለተራቆተ ተዳፋት ችግኙ ይገባዋል። ለጓሳ ዓይነቱ ውርጫማ የሣር አገር ግን ዛፍ መትከል ጭላዳውን ግጦሹን፣ ቀይ ቀበሮዋንም አደኗን ያሳጣታል። እንዲህ ላለው ቦታ ትልቁ የልማት ሥራ አለመንካት ነው፤ አለመንካት ደግሞ በሪፖርት ላይ ቁጥር ሆኖ አይጻፍም። የወረዳ ባለሙያ ቁጥር እንዲያመጣ በተጠየቀ ቁጥር ሣሩ አደጋ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በራሱ በመንዝ ውስጥ እየመጣ ያለው ለውጥ ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። አያት ጓሳን የጠበቁት ቤታቸው እንዳያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮ ያለበሰው የልጅ ልጅ ለምን ይጠብቅ? መሬት ያላገኘ ወጣት ያን ሁሉ ያልታረሰ ምድር እያየ ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። መልሱን በስብከት ማግኘት አይቻልም፤ ከሎጁ፣ ከጎብኝው፣ ከሚታጨደው ሣር የሚገኘው ጥቅም ወደ ወጣቱ ቤት መግባት አለበት። ሰላም በሌለበት ጊዜ ጎብኝ አይመጣምና በቱሪዝም ብቻ መመካትም አያዛልቅም። ከጓሳ የሚነሱ ምንጮች በምዕራብ በጀማ በኩል ወደ አባይ፣ በምሥራቅ ቁልቁል ወርደው ወደ አዋሽ ይገባሉ፤ በአፋር ቆላ ከብቱን የሚያጠጣው አርብቶ አደር ሳይቀር የመንዝ ሰው በታገሠው ሣር ይጠቀማል። ውኃውን የሚጠቀሙ የመስኖ ልማቶችና ከተሞች ለደጋው ጠባቂ ትንሽ ክፍያ ቢመድቡ ፍትሕ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው ለክልሉ ምክር ቤትና ለፌዴራሉ መንግሥት በግልጽ ይቅረብ። ከደን ውጭ ያሉ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታዎች፣ ሣር፣ ረግረግና ውርጫማ ደጋ ሳይቀሩ፣ በአገር አቀፍ ሕግ ይታወቁ። በእነዚህ ቦታዎች የመዝጋትና የመክፈት ውሳኔ ለተመረጠው የማኅበረሰብ ኮሚቴ ይሰጥ፤ ወረዳው ይደግፍ እንጂ አይሻር። በኮሚቴዎቹ ውስጥ ሴቶችና መሬት አልባ ወጣቶች መቀመጫ ይኑራቸው፤ ቄሮን ያዳከመው አንዱ ነገር ያገለላቸው ሰዎች መብዛታቸው ነበርና። መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ወይም የእርሻ ፕሮጀክት በጓሳ ላይ ከመታቀዱ በፊት ኮሚቴው እምቢ የማለት መብት ይኑረው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መንግሥት ከያዘው ሥልጣን ጥቂቱን ለመንዝ ገበሬ ለመመለስ መፍቀዱ ነው።