ከፍትፍቱ ፊቱ

የመሥሪያ ቤት ሥልጠና ያለ ማስሎ የፍላጎት ሦስት ማዕዘን የሚያልቅ አይመስልም። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ይስለውና ከታች ምግብና ውሃ፣ ከላዩ ደህንነት፣ ከዚያ ፍቅርና ወገን፣ ከዚያ ክብር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ተሰጥኦን አሟልቶ መኖር ብሎ ይጽፋል። የታችኛው ሳይሞላ የላይኛው አያምርህም ይባላል። ሠልጣኙ ገልብጦ ይወጣል፤ ቆይቶ አለቃ ሲሆን «አንተ ደሞዝህን ብላ፣ ክብሩ ይደርሳል» ማለት ይጀምራል።

ከሥነ ልቦና ተመራማሪው ከአብርሃም ማስሎ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሥዕሉ ጋር ነው። ሰውየው በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐሳቡን ባወጣበት ጽሑፍ ውስጥ ፒራሚድ የሚባል ነገር የለም፤ ያን ያቆሙት ኋላ የመጡ የሥራ አመራር ሰዎች ናቸው። ፍላጎት ቅደም ተከተል እንዳለው ማስሎ ጽፏል፣ አልክድም። ግን አንዱ ጢም ብሎ ሳይሞላ ሌላው አይጀምርም የሚለውን ራሱ ነው ያፈረሰው። ለምሳሌ ያህል ብሎ ቁጥር ሰጥቷል፦ ተራው ሰው የሥጋ ፍላጎቱ 85፣ ደህንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ ለራሱ ያለው ክብር 40፣ የጫፉ ደግሞ 10 በመቶ ቢሟላለት ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በጎደሎ። ላመኑበት ነገር ሁሉን የሚተዉ ሰዎች መኖራቸውንም ማስሎ አልዘነጋም። ዓመቱን በአጽዋማት የከፋፈለ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አሠልጣኝ ባላስፈለገው ነበር።

ማስሎን በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያበቃው ሃሪ ሃርሎ ደግሞ በ1958 አንድ ነገር ይዞ ብቅ አለ። የጦጣ ግልገሎችን ከእናታቸው ነጥሎ ሁለት አሻንጉሊት «እናቶች» አቀረበላቸው፤ አንዷ ሽቦ፣ ሌላዋ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች። ጡጦው ሽቦዋ ላይ ሲሆን እንኳ ግልገሎቹ ጠብተው ይመለሱና ቀኑን ጨርቋ ላይ ተለጥፈው ይውሉ ነበር። ሙከራው ጭካኔ አለበት፤ ዛሬ የሚፈቅድለት የሚኖር አይመስለኝም። ውጤቱ ግን እኛ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የምንለው ነው። (ቀጣሪዎች እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ተረቱ ፍትፍቱን አልከለከለም።)

ከሁሉ የምወደው ግን ቅርባችን ኡጋንዳ የተሠራውን ጥናት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ አይንስዎርዝ በ1954 ባሏን ተከትላ ካምፓላ ገባችና በዙሪያው ባሉ መንደሮች ቤት ለቤት እየሄደች፣ በአስተርጓሚ እየታገዘች እናቶችንና ሕፃናትን አስተዋለች። መጽሐፏ የወጣው በ1967 ነው። ካገኘችው ውስጥ አንዱ ከአእምሮዬ አይወጣም፦ ስለ ልጃቸው ጥቃቅኑን ሁሉ ዘርዝረው መናገር የሚችሉ እናቶች ልጆች በእናታቸው የሚተማመኑና የተረጋጉ ሆነው ተገኙ። ሕፃኑን ሌላ ሰው መያዙ ብቻውን ጉዳት አልሆነም። አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት ልጅ በሚያሳድጉበት አገር ይህ ትልቅ ወሬ ነው።

እንግዲህ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እናትን አስቡ። ልጇ እናቷ ዘንድ ነው፤ ገንዘቡ በየወሩ ይደርሳል፤ የሦስት ማዕዘኑ ታች ሞልቷል። ጎረቤትም «ምን ጎደለባቸው?» ይላል። እሷን የሚወቅስ አፍ የለኝም፤ አያትየውም ልጁን አቅፋለች። የጎደለው እናትየው ስለ ልጇ ዘርዝራ እንድታወራ የሚያስችላት ነገር ነው፦ ጥርሱ መውለቁን፣ ከማን ጋር መጣላቱን፣ ሌሊት ምን እንደሚያስፈራው። ይህ የሚመጣው በስልክ ነው፤ ስልኳን ደግሞ አሠሪዋ ሊይዝባት ይችላል። በሥራ ውሉ ላይ ስንደራደር ጭቅጭቃችን ሁሉ ደሞዝ ላይ ነው። ከልጇ ጋር በየቀኑ የምታወራበት ሰዓት ከደሞዙ እኩል፣ እዚያው ውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ፤ የከለከለም እንደ ደሞዝ ነጣቂ ይጠየቅ።