ለማኅበራችን የትኛው ፒካፕ ይሻላል?

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎችና የልማት ሠራተኞች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ከናፍጣ ፒካፖች የማይበላሸው የትኛው ነው?» የሚል ነው። በኛ አስተያየት የማይበላሽ መኪና የለም። ለገጠር ሥራ አስተማማኝ የሚባለው፣ ሲበላሽ በቅርብ ጋራዥ ተጠግኖ ቶሎ ወደ ሥራ የሚመለሰው ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ከገበሬው እጅ መድረስ አለበት። የጤፍ መዝሪያ ወቅት፣ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይጠብቅም። መኪናው በጥር አሥር ቀን ቢቆም ጉዳቱ የማኅበሩ ወጪ ነው፤ በሐምሌ ቢቆም ግን ጉዳቱ ከገበሬው ማሳ ይደርሳል።

ቶዮታ ላንድክሩዘር 70 እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሞዴል ነው። ለብዙ ዓመታት የተገጠመለት «1ኤችዜድ» የተባለው ሞተር 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደርና ቱርቦ የሌለው ነው። ናፍጣውን የሚያከፋፍለው በሜካኒካል ፖምፓ ስለሆነ መካኒኩ ብልሽቱን ያለ ኮምፒዩተር ፈልጎ ሊያገኘው ይችላል። ጉድለትም አለው፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ናፍጣም ይበላል። በተጨማሪም ሁለቱ ከተሞች ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ የሳሳ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስም ያበዛል።

የቅርብ ጊዜዎቹ ሃይሉክስና አይሱዙ ዲ-ማክስ ቱርቦና ኮመን ሬል አላቸው። ዳገት ላይ ብርቱዎች ናቸው፣ ናፍጣም ይቆጥባሉ። ነገር ግን ናፍጣው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጭ፣ ከበርሜል የተቀዳ ውኃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ኢንጄክተሩን ፈጥኖ ያበላሸዋል። ብልሽቱን ለማወቅም የኮምፒዩተር መመርመሪያ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከነዳጅ ማደያ ርቆ በበርሜል ናፍጣ የሚሠራ ማኅበር ሜካኒካል ፖምፓ ያለውን እንዲመርጥ እንመክራለን። ንጹሕ ናፍጣ የሚያገኝና በአብዛኛው በዋናው መንገድ የሚመላለስ ግን ሃይሉክስ ወይም ዲ-ማክስ ቢይዝ ይጠቀማል። ጎረቤት ማኅበራት አንድ ዓይነት ሞዴል ቢይዙ መለዋወጫ ይበዳደራሉ፣ መካኒኩም እጁን ያፍታታል።

ከግዢው በኋላ የሚከተሉት እንዲጠበቁ እናሳስባለን።

1. አንድ ቶን ለሚጭን ፒካፕ ባለ 50 ኪሎ 20 ከረጢት ሙሉ ጭነት ነው። ሰው ከተጫነበት ከረጢቱ ይቀነስ። ትርፍ ጭነት ባሌስትራ ይሰብራል፤ በመረሬ ጭቃ ውስጥም ፍሪሲዮን ያቃጥላል።

2. ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመው ውኃ በየሳምንቱ ይፍሰስ። የአየር ማጣሪያው በበጋ አቧራ ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይታይ።

3. ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱ ቁልቁለቶች ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን ያግላል።

4. ሙሉ ጥገናው ከግንቦት በፊት ይጠናቀቅ።

ከሁሉም በላይ እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ደብተር ይያዝ። መኪናው የቆመበት ቀን፣ ምክንያቱ፣ የተለወጠው ዕቃና ዋጋው ይመዝገብበት። በሚቀጥለው ግዢ ጊዜ ከሻጭ ወሬ ይልቅ ይህ ደብተር ቢጠየቅ የተሻለ መልስ ይሰጣል።