የኮምፒዩተር የቅርብ ጎተራ

ኮምፒዩተር ሥራው ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ጥፋቱን በፕሮሰሰሩ ላይ ይጥላል። «ማሽኑ አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» ይባላል። ይህ አስተያየት አልፎ አልፎ እውነትነት ቢኖረውም ነገሩን ከምንጩ አያየውም። ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ የሚባክነው በማስላት ሳይሆን የሚያሰላው ነገር እስኪደርስለት በመጠበቅ ነውና።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ዶራሌ እንሂድ። በባሕር ተጉዞ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደቦች ይራገፋል። በዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናሉ በ2009፣ ሁለገቡ ወደብ ደግሞ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ ጀመሩ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው የባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደንበኛ በመጣ ቁጥር አንዲት ካርቶን ሳሙና ለማስመጣት ዶራሌ ድረስ ሰው ቢልክ ሱቁ በሳምንት ውስጥ በተዘጋ ነበር። ስለዚህ ዕቃው በኮንቴይነር እንደ ታሸገ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ነጋዴው መጋዘን፣ ከመጋዘኑም ጥቂቱ ወደ መደርደሪያው ይወጣል።

በኮምፒዩተር ውስጥም ዋናው ማኅደረ ትውስታ እንደ ዶራሌ ሰፊና ሩቅ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚገኘው ካሽ የተባለው ማኅደር ግን እንደ መደርደሪያው ጠባብና ቅርብ ነው። ቃሉ የመጣው በፈረንሳይኛ «መደበቅ» የሚል ትርጉም ካለው ግስ ነው፤ ፈረንሳይኛ የመንግሥት ቋንቋ በሆነበት በጅቡቲ ትርጉሙ ለተማሪ አይሰወርም። ስሙም ይገባዋል፤ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው ካሹን አያየውም። ሐሳቡን እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ በ1965 በጽሑፍ አቀረበ፤ አይ.ቢ.ኤም. ደግሞ በ1968 ይፋ ባደረገው ሞዴል 85 ኮምፒዩተር ላይ አዋለው።

እዚህ ላይ ምሳሌያችን በጥቂቱ ይሰናከላል። የተሸጠ ሳሙና ከመደርደሪያ ይወርዳል፤ በካሽ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ግልባጭ በመሆኑ ሺህ ጊዜ ቢነበብ አያልቅም። ካሽ የሚተማመነው በሁለት ልማዶች ነው፤ አሁን የተፈለገው ነገር ጥቂት ቆይቶ ዳግመኛ ይፈለጋል፤ ጎረቤቱም ተራው ይደርሰዋል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲጠየቅ ብቻውን አይመጣም። በብዙዎቹ የዛሬ ፕሮሰሰሮች 64 ባይት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 8 ባይት የሆኑ ስምንት ቁጥሮች፣ እንደ አንድ ኮንቴይነር ተጭነው ይመጣሉ። ቦታ ሲጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው ከተነካ ብዙ የቆየው ነው።

ከካሽ ማንበብ 4 የፕሮሰሰር ሰዓት ምት፣ ከዋናው ማኅደር ማንበብ 200 ምት ይፈጃል እንበል። ከ100 ጥያቄዎች 95ቱ በካሽ ቢገኙ ጠቅላላው 1,380 ምት ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 1,000ውን የፈጁት በካሽ ያልተገኙት አምስቱ ብቻ ናቸው። የሚገኙት 99 ቢሆኑ ግን ድምሩ ወደ 596 ይወርዳል። ማሽኑ ሳይለወጥ ሥራው ከእጥፍ በላይ ፈጠነ ማለት ነው።

አንዳንዶች «ይህ የመሐንዲስ እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም» ይሉ ይሆናል። እኔ አልስማማም። ካሽን የሚሠራው መሐንዲስ ቢሆንም የሚጠቀምበት ወይም የሚያባክነው ፕሮግራም ጸሐፊው ነው። ስለዚህ ተማሪ ፕሮግራም መጻፍ በጀመረበት ዓመት መረጃን ስለ ማደራጀት ሊማር ይገባል፤ በተለይም አሮጌ ማሽን ለብዙዎች በሚዳረስበት ትምህርት ቤት።

ለምሳሌ ያህል ካሽ ጠቅልሎ ሊይዘው የማይችል ሰፊ የቁጥር ሠንጠረዥ ለሁለት ተማሪዎች ይሰጥ። ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሠንጠረዡ ቁጥሮች በማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጡት ረድፍ በረድፍ ነው። አንደኛዋ ተማሪ ረድፉን ተከትላ ስትደምር በመጣው ኮንቴይነር ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ቁጥሮች ትጠቀማለች። ሁለተኛው ዓምዱን ተከትሎ ወደ ታች ሲወርድ ከእያንዳንዱ ኮንቴይነር አንድ ቁጥር ብቻ ያነሣል፤ ለቀጣዩ ዓምድ ሲመለስም ያ ኮንቴይነር ቦታ ለቆ ያገኘዋል። የሁለቱም መልስ አንድ ነው። የልጁ ፕሮግራም ግን ይዘገያል፤ ፈጣን ፕሮሰሰር ቢገዛለት እንኳ አዲሱ ፕሮሰሰር ከዶራሌ የሚመጣውን ዕቃ እንደ አሮጌው ተቀምጦ ይጠብቃል።