“ግሎክ ይሻላል ወይስ ሲግ?” ከማለታችን በፊት

በዚህ በዲሲ አካባቢ ሐበሻ ተሰብስቦ ቡና በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ስለ ፖለቲካው አይደለም። “በየቀኑ ደብቆ ለመያዝ የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?” የሚለው ነው። አንዱ ግሎክ ይላል፣ ሌላው ሲግ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ አገር ቤት የሚያውቀውን ማካሮቭ እያነሳ “እሱን የመሰለ የለም” ብሎ ይምላል።

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከእኛ መካከል ሌሊት የሚሠራው ብዙ ነው። ጋዝ ስቴሽን ካሽ ሬጅስተር ላይ የሚቆመው፣ ፓርኪንግ የሚዘጋው፣ ኡበር የሚነዳው፣ ሬስቶራንቱን ቆልፎ የቀኑን ሒሳብ ይዞ የሚወጣው የእኛው ሰው ነው። በዚያ ላይ በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብሩን በተባለው ጉዳይ ከወሰነ ወዲህ፣ ሜሪላንድና ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ግዛቶች ፈቃድ ለመስጠት “ልዩ ምክንያትህን አስረዳ” ማለታቸው ቀርቷል። በሌላ በኩል ቴክሳስንና ጆርጂያን ጨምሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግዛቶች ጭራሹን ያለ ፈቃድ ደብቆ መያዝን ይፈቅዳሉ። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

እኔ ራሴ ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ ሽጉጥ የምይዝ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ሽጉጥ ክፉ ነው ብዬ ልሰብክ አይደለም። የምለው፣ ክርክሩን ከጭራው ይዘነዋል ነው። የሽጉጡ ስም የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት ወረቀታችን፣ መንገዳችንና ቤታችን ይመጣሉ።

ከወረቀቱ ልጀምር። በተማሪ ቪዛ ወይም በኤች ዋን ቢ የመጣ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ እንዳይኖረው ተከልክሏል። ክልከላው መግዛት ላይ ብቻ አይደለም፣ መያዝንም ይጨምራል። “የእኔ ግዛት ፈቃድ አይጠይቅም” የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም፣ የፌዴራሉ ሕግ ከቴክሳስም ከጆርጂያም በላይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ የውጭ ዜጋ ግሪን ካርድ ሊኖረው ይገባል። ታዲያ አንዳንዱ ምን ያደርጋል? ግሪን ካርድ ያለውን የአክስቱን ልጅ “አንተ ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እኔ እሰጥሃለሁ” ይለዋል። የእኛ ባህል ደግሞ ዘመድ ሲጠይቅ እምቢ ማለት አያውቅም። ይህ ግን በፌዴራል ሕግ ሁለቱንም እስር ቤት የሚያስገባ ወንጀል ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሚሞላው ፎርም “እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ?” ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ያው ፎርም በሕግ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከነዚህ ውስጥ መሆኑን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅመው ወዳጃችን ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ግሪን ካርድ ላለው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ የተወለደ ጎረቤቱ በሽጉጥ ሕግ ቢጥስ ይቀጣል፣ ቅጣቱን ይጨርሳል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ ሰው በጦር መሣሪያ ጥፋት ከተፈረደበት ግን ከቅጣቱ በኋላ ከአገር የመባረር ጉዳይ ይጠብቀዋል። የኢሚግሬሽን ሕጉ ይህን ለብቻው ጽፎታል። ሃያ ዓመት የተሠራበት ኑሮ በአንድ የትራፊክ ማቆሚያ ሊፈርስ ይችላል።

መንገዱም ያው ነው። ከአርሊንግተን ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ ዲሲ መግባት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የቨርጂኒያ ፈቃድ ግን ድልድዩ ላይ ይቀራል፤ ዲሲ አይቀበለውም፣ ሜሪላንድም አይቀበለውም። ዲሲ ውስጥ ያለ ዲሲ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ አምስት ዓመት የሚያስፈርድ ከባድ ወንጀል ነው። ኡበር የሚነዳ ሰው የሚቀጥለው ተሳፋሪ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም፤ አሌክሳንድሪያ የተነሳው ጉዞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያልቃል። ለነገሩ ኡበርም ሊፍትም ሹፌር መሣሪያ እንዳይዝ በመመሪያቸው ከልክለዋል፤ ያገኙበት ቀን መለያውን ይዘጉታል።

እሺ፣ ወረቀቱም መንገዱም ተስተካከለ እንበል። አሁን ወደ ሽጉጡ መምጣት ይቻላል።

ሱቅ ሲገባ አብዛኛው ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ትንሿ ላይ ነው። ሻጩም “ይቺ ኪስ ትገባለች” ይላል። እውነት ነው፣ ትገባለች። ለምሳሌ ሩገር ኤልሲፒ የሚባለው ከ300 ግራም በታች ነው። ችግሩ ሲተኮስ ነው። ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር እጅ ላይ አብዝቶ ይራገጣል፣ እጀታው ባጠረ ቁጥር ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች፣ አፈሙዙ ባጠረ ቁጥር ማነጣጠር ይከብዳል። አንድ ካርታ ተኩሶ እጁን ያመመው ሰው ተመልሶ ልምምድ አይሄድም። ልምምድ ያልሄደ ሰው ደግሞ የያዘው መሣሪያ ለራሱም ለአላፊ አግዳሚውም አደጋ ነው። አምስት ጥይት የምትይዘዋ ቀላል ሪቮልቨርም “ለሴት ትሆናለች” እየተባለች ትሸጣለች። ምላጯ ከባድ፣ ርግጫዋ ኃይለኛ ስለሆነ በእኔ ግምት ለጀማሪ ከሚሰጡት ሁሉ የመጨረሻዋ መሆን አለባት።

በሌላው ጫፍ ግሎክ 19 አለ። ከ1988 ጀምሮ ያለ፣ 9 ሚሊ ሜትር፣ አሥራ አምስት ጥይት የሚይዝ፣ ለመተኮስ የሚመች ነው። ጥይት ሲሞላ ግን ከ800 ግራም ያልፋል። ቀጭን ሰው በሐምሌ ሙቀት በቲሸርት ስር ሊደብቀው ሲሞክር ያስቸግረዋል፤ የከበደው ዕቃ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በ2018 የወጣው ሲግ ፒ365ና ከእሱ በኋላ የመጡት እንደ ግሎክ 43ኤክስ ያሉት የተወደዱት መሐሉን ስለያዙ ነው፤ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ሆኖ አሥር ጥይት ይይዛሉ። እኔን ብትጠይቁኝ ከዚህ መጠን ብጀምር ይሻላል እላለሁ። ከየትኛው ፋብሪካ? የታወቀ ይሁን እንጂ ብዙ ለውጥ የለውም። ልምምድ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሦስቱን ተከራይታችሁ በየተራ ሃምሳ ሃምሳ ጥይት ተኩሱና ወረቀቱን አስተያዩ። የተሻለ የመታችሁበት የእናንተ ነው፣ የአጎታችሁ ልጅ የሚምልበት አይደለም።

ስለ ጥይቱ መጠን የሚደረገው ሙግትም ጊዜ ማጥፋት ነው። ኤፍቢአይ ራሱ ከ.40 ወደ 9 ሚሊ ሜትር የተመለሰው በ2010ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ርካሽ ነው፣ ርግጫው ይቻላል፣ ይበቃል።

ሰው የሚሰስተው ማህደሩ ላይ ነው። ስድስት መቶ ዶላር ለሽጉጥ ከፍሎ የአሥራ አምስት ዶላር የጨርቅ ማህደር ይገዛል። ግሎክና መሰሎቹ ከውጭ የሚቆለፍ ሴፍቲ የላቸውም። ምላጩን የሚጠብቀው ማህደሩ ነው፤ ስለዚህ ጠንካራ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ቀበቶ ላይ የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ያለ ማህደር ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር፣ ወይም ቦርሳ ውስጥ ከሊፕስቲክ ጋር የሚቀመጥ የጎረሰ ሽጉጥ ሰው የሚገድለው በስህተት ነው።

ደግሞ የእኛ ሰላምታ አለ። ፈረንጁ ከሩቅ እጁን ያወዛውዛል፤ እኛ ትከሻ እንገጫጫለን፣ ወገብ እናቅፋለን፣ ሦስት ጊዜ እንሳሳማለን። ሠርግ ቤት አንዲት እናት “ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ ወገብህ ላይ ያለው?” ካለችህ መደበቁ ቀረ። አገር ቤት መሣሪያ የሚያዘው እንዲታይ ነው፤ ለክብር፣ ለማስፈራት። እዚህ ያለው ፈቃድ ተቃራኒው ነው። ማንም እንዲያውቅብህ አይፈለግም፣ ነገር ሲነሳም ከማንም ቀድመህ ገለል የምትለው አንተ ነህ። መንገድ ላይ መኪና ቀድሞት ሲገባ መስኮት አውርዶ የሚሳደብ ሰው ይህን ወጪ ባያወጣ ይሻለዋል።

የቤቱን ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በጥይት ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሌባ ሳይሆን በገዛ እጁ የሚሞት ነው። እኛ ዘንድ ስለ ጭንቀትና ስለ ድብርት አይወራም። “ደህና ነው፣ ትንሽ ዝም ብሏል” ይባላል። ቤታችሁ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ ወይም ዝም ያላችሁት እናንተ ራሳችሁ ከሆናችሁ፣ በዚህ ዓመት ሽጉጥ አትግዙ። 988 ደውላችሁ በማንኛውም ሰዓት ሰው ታገኛላችሁ። ልጆች ላሉት ደግሞ ካልሲ መሳቢያና ቁም ሳጥን ላይ መደበቅ መደበቅ አይደለም፤ ልጅ የገና ስጦታውን ከየት እንደሚያገኝ እናውቃለን። በጣት ቁጥር ተነክቶ የሚከፈት ትንሽ የብረት ሳጥን ከግድግዳ ወይም ከአልጋ ጋር ታስሮ ይቀመጥ፤ ሽጉጡ ከወገብ ሲወርድ በቀጥታ እዚያ ይግባ።

አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ጋራዥ የሚሠራ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚወጣ አንድ ወዳጅ አለኝ። ግሪን ካርድ አለው፣ የዜግነት ማመልከቻው ገና በሒደት ላይ ነው። “የቱን ልግዛ?” አለኝ። ዲሲ ለነዋሪዋ ላልሆነም ፈቃድ ትሰጣለች፤ ግን ትምህርቱ አለ፣ ምዝገባው አለ፣ በዚያ ላይ ቀጣሪው መሣሪያ ሥራ ቦታ ማስገባት ከልክሏል። ስለዚህ አንዱንም አትግዛ አልኩት። አሁን የሒሳቡ ገንዘብ ቀን ላይ ባንክ እንዲገባ ከአለቃው ጋር ተስማምቷል፣ መኪናውንም መብራት ስር ያቆማል። ዜግነቱ ሲያልቅ አብረን ልምምድ ቦታ እንሄዳለን።