ዕርፉን መልሶ የማይቀማ እጅ

በአማርኛችን በሬም ይነዳል፣ መኪናም ይነዳል። አንዱ በዕርፍና በጅራፍ፣ ሌላው በመሪና በፍሬን መሆኑ ነው እንጂ ቃሉ አንድ ነው። መኪና ከየቤቱ በር ላይ በሚቆምበት አገር ወላጅ ጎረምሳ ልጁን መሪ ያስጨብጣል። ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመንዝ ማማ ደጋ ግን አባት ልጁን የሚያስጨብጠው ዕርፍ ነው። አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች እንደመሆናችን ይህን ትምህርት በዓይናችን አይተነዋል፤ ብዙዎቻችንም በእጃችን ተምረነዋል። ይሁን እንጂ በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ ስሙ ሲነሳ አይሰማም።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው አንድ ነጥብ ነው። ይኸውም ማስተማር ማለት ማሳየት ብቻ ሳይሆን፣ ሰዓቱ ሲደርስ እጅን ማንሳት ጭምር መሆኑ ነው። ብልህ የመንዝ አባት ይህን ያውቃል። ለልምምድ የወጣን ሠልጣኝ የሚቀበል መምህር ሁሉ ያውቀዋል ብሎ ለመናገር ግን አያስደፍርም።

በመጀመሪያ የአባትየውን አሠራር እንመልከት። ልጅ በአንድ ጠዋት ተነስቶ ዕርፍ አይሰጠውም። በትንሽነቱ ጥጃና በግ ይጠብቃል፤ የከብትን ጠባይ የሚያውቀው ያኔ ነው። ከፍ ሲል በሬዎቹን ወደ ማሳ ይነዳል፣ ቀንበር ያቀብላል፣ ጓል ይከሰክሳል። ሞፈሩ ከቀንበሩ፣ ድግሩ ከማረሻው እንዴት እንደሚገጥም ማንም ፈተና ሳያወጣለት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ዕርፉ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ፣ ክንዱ ጠና ሲል ነው።

ያም ሆኖ ማሳው ይመረጣል። እንደሚታወቀው የእኛ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። በትልምና በትልም መካከል ሳይታረስ የሚቀር ስስ መስመር አለ። ስለሆነም ገበሬው በአንድ በኩል የገመሰውን መሬት በሚቀጥለው ጊዜ አግድም ያርሰዋል፤ እንዲህ እያፈራረቀ ደጋግሞ ካረሰ በኋላ ነው ዘር የሚያገባው። ታዲያ ብልህ አባት ልጁን ገና ባልተከፈተ ደረቅ መሬት ላይ አያስጀምረውም፤ በሬውም ልጁም ይሰቃያሉና። በዘር ቀንም አያስጀምረውም፤ ዘር ቀልድ አያውቅምና። የሚያስጀምረው መሬቱ አንዴ ተገምሶ ከላላ በኋላ፣ ከፊቱም ሌላ እርሻ እየቀረው ነው። ልጁ ዘሎት ያለፈውን፣ ያጣመመውን፣ የሚቀጥለው አግድም እርሻ ያገኘዋል። ልብ በሉ! አባትየው ለስሕተቱ አስቀድሞ የመታረሚያ ቦታ አዘጋጅቶለታል።

በሬዎቹም ይመረጣሉ። ወይፈን ሲገራ ከነባር በሬ ጋር እንደሚጠመድ ሁሉ፣ ለጀማሪ አራሽም የሚሰጠው የሰከነ ጥማድ ነው። ያልተገራ ወይፈንና ዕርፍ ያልለመደ ልጅ በአንድ ቀን ከአንድ ማሳ ቢገናኙ ሞፈር ተሰብሮ ማደሩ ነው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አንባቢ ያውቀዋል። ከሰከነ በሬ ጋር የዋለ ልጅ ደግሞ መስከንን ተምሮ ይመጣል።

ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ትልሞች የአባትየው እጅ ከልጁ እጅ ጋር ዕርፉ ላይ ይሆናል። ማረሻው ምን ያህል ይጥለቅ የሚለውን የሚወስነው እጅ ነው፤ ልኩን በቃል ማስረዳት አይቻልም፣ መዳፍ ለመዳፍ ነው የሚነግረው። ሁለት ሦስት ዙር ከሄዱ በኋላ አባትየው እጁን ያነሳል። ጥቂት ከጎን ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በመጨረሻም ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላል። ማረሻው ከትልሙ ሲወጣ፣ በሬው ሲያፈነግጥ፣ ትልሙ እንደ እባብ ሲጥመለመል ያያል። «ቀና አድርገው! ኧረ ቀኙን በሬ እየው!» ብሎ ይጮሃል። አንዳንዱማ ይቆጣል፣ ይራገማልም። ነገር ግን ዕርፉን መልሶ አይቀማም። ቢቀማ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «እኔ ዕርፍ የምይዘው አባቴ እስኪመጣ ነው» የሚል ነው።

ወደ መኪናው ስንመጣም ነገሩ ያው ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ ዋና ከተማ ዙሪያ የሚገኙትን ሁለት ግዛቶች እንውሰድ። በሜሪላንድ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ጀማሪ መደበኛውን የመንጃ ትምህርት ከመውሰዱ ሌላ፣ ልምድ ካለው አሽከርካሪ ጋር 60 ሰዓት መንዳቱ በመዝገብ ተሞልቶ መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 10 ሰዓቱ በጨለማ ነው። በቨርጂኒያ ደግሞ 45 ሰዓት ሲሆን፣ 15ቱ ከፀሐይ መግቢያ በኋላ ነው። ያ ልምድ ያለው አሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ አባት ወይም እናት ነው። እንግዲህ እናትየው ከልጇ ጎን ተቀምጣ ፍሬን በእግሯ ሥር የለም፣ መሪም በእጇ የለም። ያላት አፏ ብቻ ነው። በድንጋጤ ዘላ መሪውን ብትይዝ ደግሞ አደጋውን የምታመጣው ራሷ ናት። ስለዚህ 60 ሰዓቱ ለልጅየው የመንዳት ልምምድ ቢሆን፣ ለእናትየው ራስን የመግዛት ልምምድ ነው።

በአገራችን ሕግ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ የሚገኘው ከ18 ዓመት ጀምሮ ሲሆን፣ ሥልጠናውም ፈቃድ ባለው ተቋም በኩል ነው፤ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010ን መመልከት ይቻላል። ለማሠልጠኛ ተብሎ የተዘጋጀ መኪና በአሠልጣኙ እግር ሥር ተጨማሪ ፍሬን አለው። ተጨማሪ መሪ ግን የለውም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አደጋ ሲመጣ ማቆም የአሠልጣኙ ሥራ ነው፤ መኪናውን በመንገዱ ላይ መምራት ግን የሠልጣኙ ድርሻ ነው።

የትምህርት ሊቃውንትም የደረሱበት ከዚህ የራቀ አይደለም። ውድ፣ ብሩነርና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 30 ሕፃናት በእንጨት ቁራጮች ፒራሚድ ሲሠሩ አንዲት አስተማሪ እንዴት እንደምትረዳቸው ተመልክተዋል። የአስተማሪዋ መመሪያ ልጁ ራሱ ሊሠራ የሚችለውን ያህል እንዲሠራ መተው ነበር። እርዳታውን ግንበኛ ቤት ሲሠራ በሚያቆመው መወጣጫ እንጨት መሰሉት። ግድግዳው ሲቆም መወጣጫው ይነሳል፤ መወጣጫው ተተክሎበት የሚቀር ቤት አለቀ አይባልም። ይህን ለፈተና ሸምድደን እንጽፈዋለን። የሞላሌ ገበሬ ደግሞ ማሳው ላይ ይሠራዋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ። አንድ ሠልጣኝ ለማስተማር ልምምድ ይወጣል። ሳምንት ሙሉ የትምህርት ዕቅድ ሲያዘጋጅ፣ ከካርቶን መርጃ መሣሪያ ሲቆርጥ ሰንብቷል። ከተማሪዎቹ ፊት ሲቆም እጁ ያልበዋል። ክፍልፋይ ሲደምር ታኅቱን ያሳስታል። ይሄኔ ከኋላ የተቀመጠው ነባር መምህር «አይ፣ እንዲህ አይደለም» ብሎ ይነሳና ጠመኔውን ከእጁ ተቀብሎ ትምህርቱን ራሱ ይጨርሰዋል። ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ለተማሪዎቹ አዝኖ ነው። ውጤቱ ግን ምንድን ነው? ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተማሪዎቹ የሚያዩት ፊታቸው የቆመውን ሳይሆን ከኋላ የተቀመጠውን ነው። ሠልጣኙ ጥያቄ ቢጠይቃቸው፣ መልሱ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጡት ዞር ብለው የዋናውን መምህር ፊት በማየት ነው። እሱም የቀሩትን ቀናት ጠመኔ አቀባይ ሆኖ ይፈጽማል።

ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ ምንኛ በጀ! ጠመኔ የተቀማ ሠልጣኝ ነገ ጠመኔ ቀሚ መምህር ይሆናል። አንዱን ልጅ ወደ ሰሌዳ ይጠራና፣ ልጁ ትንሽ ሲያቅማማ «በል ተቀመጥ!» ብሎ ራሱ ይሠራዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ የምንመደበው የት ነው? ብዙዎቻችን ከአውራ ጎዳና ርቆ፣ በእግር ተጉዘን በምንደርስበት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የለም። ስልሳ ተማሪና አንድ ሰሌዳ ብቻ። እጁ ዕርፍ ለብቻው ይዞ የማያውቅ አራሽ በዘር ቀን ማሳ ላይ ቆመ ማለት ይህ ነው።

«እንዴ! የተማሪዎቹስ ጊዜ? እነሱ የመለማመጃ ዕቃ ናቸው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከዚያው ከማሳው ይገኛል፤ አባትየው በዘር ቀን አላስጀመረም። ጀማሪ ሠልጣኝም አዲስና ከባድ ምዕራፍ ሊሰጠው አይገባም። የክለሳ ትምህርት፣ አጭር ጊዜ፣ አነስተኛ ቡድን ይሰጠው። በ1963 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ድዋይት አለንና ባልደረቦቹ የጀመሩት ማይክሮቲቺንግም ቁም ነገሩ ይኸው ነው። ሠልጣኙ የተሳሳተ ዕውቀት ተማሪዎቹ ይዘው ቤት እስኪገቡ የሚያደርስ ከሆነ ደግሞ ፍሬን መያዝ ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ፍሬን እንጂ መሪ አይነጠቅም። «መምህር፣ እስቲ ሁለተኛዋን መስመር አንዴ ይመልከቷት» ማለት ይበቃል። ሠልጣኙ ዞር ይላል፣ ያያል፣ በራሱ ጠመኔ ያርማል። ክብሩም አይነካ፣ ተማሪዎቹም አይሳሳቱ።

እዚህ ላይ ከአባትየው የማንወስደውን አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ሚዛናችን ይጎድላል። በደጋው አገር ዕርፍ ለሴት ልጅ አይሰጥም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትሸከማለች፤ ዕርፍ ግን አትጨብጥም። በዚህም ምክንያት ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬት እያላት፣ አንዳንዴም በሬ እያላት፣ ማሳዋን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጥታ ምርቷን ትካፈላለች። ጉልበት አጥታ ነው እንዳንል ከወንዙ ውኃ ቀድታ ዳገቱን የምትወጣው እሷ ናት። ያልተማረችው ያስተማራት ስለሌለ ነው። በደቡብ ጎንደር ፎገራ፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት በተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴቶች ያርሳሉ። ምድሪቱም የሴት እጅ ነው ብላ ዘር አልከለከለችም። በየክፍላችንም «ማን ይሠራልናል?» ብለን ስንጠይቅ ጠመኔው ስንት ጊዜ ለሴት ልጅ እንደሚደርስ በአንድ ቀን ቆጥረን ብናየው ብዙ ያስተምረናል።

በመሆኑም የሚከተለውን ሐሳብ ለመምህራኖቻችንና ለሠልጣኝ ጓደኞቻችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ተቀባዩ መምህርና ሠልጣኙ ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ የትኛው ትምህርት መጀመሪያ እንደሚሰጥ፣ መቼ ጣልቃ እንደሚገባና በምን ምልክት እንደሚሆን ይስማሙ።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ጠመኔው ከሠልጣኙ እጅ አይወሰድ። ያየውን ጉድለት ተቀባዩ መምህር በማስታወሻ ይያዝና ተማሪዎች በሌሉበት፣ በዚያው ዕለት ይንገረው። ሲያድር ይረሳል።

ሦስተኛ፣ እጅ ማንሳቱ ደረጃ በደረጃ ይሁን። አብሮ ማስተማር፣ ከጎን መሆን፣ ከኋላ መቀመጥ፣ በመጨረሻም ከክፍሉ ወጥቶ በሩን መዝጋት። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ የመጨረሻው ነው።

አራተኛ፣ እኛ ሠልጣኞችም ለራሳችን የጠየቅነውን ለተማሪዎቻችን አንንፈግ። ሰሌዳ ላይ የቆመች ልጅ ስታቅማማ ቆመን እንጠብቃት። ዝምታው ረጅም ይመስላል እንጂ አንድ ትልም አይሞላም።

ማሳ የጎበጠ ትልም ቢገኝበት የሚቀጥለው እርሻ ያቃናዋል። «አትችልም» ተብሎ የተመለሰን እጅ ግን መልሶ ዕርፍ ማስጨበጥ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የምንችለውን ሁሉ እናሳይ፤ ሰዓቱ ሲደርስም እጃችንን እናንሳ።