ቀይ ወይን ጠጅና የባለ ሱቁ ኀላፊነት

የኢትዮጵያ ሕዝብ አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቈላ ብሎ ሲከፍል፣ የመካከለኛው ምድር ስም ከወይን ጋራ የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህችው አገር የወይን ጠጅን ከባሕር ማዶ ስታስመጣ ብዙ ዘመን አሳልፋለች። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈው የግሪክ መጽሐፍ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣልያን ወይን ጠጅ ይቈጥራል።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከብዙ ዘመን ጀምሮ በየቤቱ ከሚታወቀው ከጉደር ሌላ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል በሚሆን አሸዋማ ምድር፣ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ የወይን ተክል አልምቶ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቅርቧል። ካበርኔ ሶቪኞን፣ መርሎና ሲራ የተባሉት ቀያይ የወይን ዘሮች ቀን በፀሓይ በስለው ሌሊት በቅዝቃዜ ስለሚያርፉ፣ ቀለሙ የጠለቀ፣ ኀይለኛ ወይን ጠጅ ይሰጣሉ።

እንግዲህ የቀረው ሥራ የነጋዴው ነው። ኀይለኛ ቀይ ወይን ጠጅ ታኒን የሚባል፣ አፍን የሚያኰማትር ባሕርይ አለው። ይህ ባሕርይ ከሥጋና ከጮማ ጋራ ሲገናኝ ይለዝባል፤ ከበርበሬ ጋራ ሲገናኝ ግን ማቃጠሉና ምሬቱ እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ደረቁ ካበርኔ ሶቪኞን ለጥብስ፣ ለጥሬ ሥጋና ሚጥሚጣው ላልበዛበት ክትፎ የተስማማ ሲሆን፣ ለዶሮ ወጥና ለምስር ወጥ ግን እንደ አካሺያ ያለው ጥቂት ጣፋጭነት ያለበት ቀይ ይሻላል። ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ ገዢው በዶሮ ወጥ ማዕድ ላይ ፊቱን አጨማዶ «የአገር ወይን ጠጅ አይረባም» እንዲል ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አሶሳ የሚጓዝ የጭነት መኪና፣ አምቦን አልፎ ለወይን ጠጁ ስሟን የሰጠችውን የጉደርን ከተማ አቋርጦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ረጅም መንገድ ይሄዳል። ሣጥኑ በፀሓይ ሲጋል ሰንብቶ ደግሞ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ቢቀመጥ፣ የወይን ጠጁ ጣዕም እንደ ተቀቀለ ፍሬ ይሆናል። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ቆሞ ሲቀመጥ ቡሹ ይደርቃል፤ አየር ይገባል፤ መጠጡም ወደ ሆምጣጤ ያዘነብላል። «ቀይ ወይን ጠጅ በቤት ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ምክርም ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ነው። በአሶሳ በበጋ ወራት የቤቱ ሙቀት ለዚህ አይስማማምና፣ ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል በማቀዝቀዣ ማቈየት ይገባል።

አንዳንዶች «ደንበኛው የሚወደው ጣፋጩን ብቻ ነው፤ ስለ ደረቁ መድከም ከንቱ ነው» ይላሉ። አባባሉ ጥቂት እውነት አለው። ነገር ግን የቡና ላኪ ቡናውን አስቀምሶና ደረጃውን አስለይቶ እንደሚሸጥ እያወቀ፣ ባለ ሱቁ ወይን ጠጁን በቀለሙ ብቻ ለይቶ ቢያቀርብ፣ የደንበኛው ምርጫ ከማወቅ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። አዋጅ ቍጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ስላጠበበና ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥን ስለ ከለከለ፣ ለአዋቂው ገዢ ዋናው አስረጂ ከሣጥኑ ኋላ የቆመው ሻጭ ሆኗል።

ስለዚህ አከፋፋዮች ጭነቱን በሌሊት ወይም በሚገባ ሸፍነው ቢያጓጕዙ፣ ባለ ሱቆች ጠርሙሱን ከፀሓይ ርቆ በጎኑ እንዲተኛ ቢያደርጉ፣ ሆቴሎችም በምግብ ዝርዝራቸው ከየወጡ አጠገብ ተስማሚውን ወይን ጠጅ ቢጽፉ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። አስመጪዎችም ከዚህ አይጐዱም፤ ወይን ጠጅን ማጣጣም የለመደ ደንበኛ የውጭውንም መርጦ ይገዛልና። የአገሩ ወይን ጠጅ በሻጩ ቸልታ ስሙ ከጠፋ ግን፣ ኪሳራው በመጀመሪያ በገበሬውና በሠራተኛው፣ ቀጥሎም ጠርሙሱ አቧራ ለብሶ በሚቀርበት ሱቅ ላይ ይወድቃል።