በኃይል ወንጀል የተጎዳ ገበሬ ካሣውን መቼና እንዴት ይጠይቃል?

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍለው ይህ ወንዝ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲገድል፣ ለተረፉት እህልና መጠለያ ቀርቦላቸዋል። ጎርፉን ከሳችሁ ጠይቁ ያላቸው አልነበረም። ከገበያ ሲመለስ በዚሁ አሸዋ ላይ ተደብድቦ ክንዱ የተሰበረ ገበሬ ግን የሕክምና ወጪውንና ሳያርስ የቀረበትን ወራት ኪሣራ የሚጠይቀው ከደብዳቢው ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሸክም በከፊል ወደ መንግሥት ተሸጋግሯል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣችው ሕግ፣ ብሪታንያም በ1964 በኃይል ወንጀል ለተጎዱ ሰዎች ከመንግሥት ገንዘብ ካሣ መክፈል ጀመሩ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ1985 ባወጣው መግለጫ፣ ወንጀለኛው መካስ ሲያቅተው መንግሥታት እንዲረዱ ጠይቋል። በአገራችን በሰው የመነገድ ወንጀል ለተጎዱ ሰዎች መርጃ የሚሆን ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተደንግጓል። ለተደበደበው፣ ለተወጋው፣ ባሏ ለተገደለባት ሁሉ የሚሆን አጠቃላይ ፈንድ ግን አልተቋቋመም።

ስለዚህ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 ተጎጂው የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። እንዴት እንደሚቀርብ የሚነግረን ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ክሱ መሰማት ሲጀምር ሲሆን፣ የሚጠየቀው ገንዘብ ልክ መገለጽ አለበት። ፍርድ ቤቱ የገንዘቡን ብዛት አይቶ ካላዘዘ በስተቀር የዳኝነት አይከፈልበትም። ጠበቃ ለመግዛት አቅም ለሌለው የገጠር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም የሚያዘው ለድኻው ተከሳሽ ነው እንጂ ለድኻው ተበዳይ አይደለምና።

ችግሩ ይህች ሰዓት ሳትታወቅ ማለፏ ነው። ተበዳዩ ለምስክርነት ተጠርቶ ሲመጣ ክሱ መሰማት ከጀመረ ቆይቷል። ዐቃቤ ሕግ የሚከራከረው ስለ ቅጣት ነው፤ ካሣውን ያልጠየቀ ሰው ወንጀለኛው ታስሮ እሱ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በእርግጥ ለብቻው በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላል። ተከሳሹ በነጻ ሲለቀቅ፣ ወይም የካሣው ክርክር የወንጀሉን ነገር የሚያጓትት ሲሆንም መንገዱ ይኸው ነው። ግን ሌላ ክስ ማለት ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ የመኪና ዋጋ ነው። መብቱም በመሠረቱ በ2 ዓመት ይታገዳል፤ ለወንጀሉ ከዚህ የረዘመ የይርጋ ዘመን ካለው ረዥሙ ይጸናል።

ሌላው የጊዜ ወጥመድ እርቁ ነው። በድሬዳዋ ገጠር የኦሮሞ ጉማና የሶማሌ ዲያ ደም የሚያደርቁ፣ ጎሣን ከጎሣ የሚያስታርቁ ሥርዓቶች ናቸው፤ ይህን ሥራ ፍርድ ቤት ብቻውን አይችለውም። ነገር ግን ቀላል የአካል ጉዳት በተበዳዩ አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል ስለሆነ፣ አቤቱታው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌዎች ዛሬ ነገ ሲሉ 3 ወሩ ካለቀ፣ እርቁም ከፈረሰ፣ ተበዳዩ ከሁለት ያጣ ይሆናል። የጉማው ከብት ለሟች ወገን ሲሰጥም ሚስቲቱና ልጆቹ ምን ያህል ደረሳቸው ብሎ የሚጠይቅ አይበዛም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2095 መሠረት ግን ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች በራሳቸው ስም ካሣ መጠየቅ ይችላሉ፤ ካሣውም ለኑሯቸው መደገፊያ በቀለብ መልክ የሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ የገበሬ ማኅበር መሪ ቦታ ጉልህ ነው። (ዛሬ ስሙ የገጠር ቀበሌ ቢሆንም ብዙው ሰው አሁንም ገበሬ ማኅበር ነው የሚለው።) ድብደባው የተፈጸመ ዕለት ወሬው የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። ቁስሉ ሳይሽር የሐኪም ማስረጃ እንዲወጣ፣ የመድኃኒትና የመጓጓዣ ደረሰኝ እንዳይጣል፣ የምስክሮች ስም እንዲመዘገብ፣ ተበዳዩ ክሱ የሚሰማበትን ቀን ከዐቃቤ ሕግ ጠይቆ ቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ የሚችል ከእሱ የቀረበ ሰው የለም። የእርሻ ኪሣራን ከዳኛው ይልቅ የሚያውቁት ጎረቤቶች ናቸው፤ ስንት ጥማድ ሳይታረስ እንደቀረ፣ ለቀጠረው ሠራተኛ ስንት እንደከፈለ ቆጥረው መመስከር ይችላሉ። ምስክር የሚያስፈራሩ ሲነሡም አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለከባድ ወንጀል ምስክሮች ጥበቃ እንዲደረግ የደነገገ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል።

ተፈርዶለትም ወንጀለኛው ምንም ከሌለው? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 ፍርድ ቤቱ ከተወረሰው ዕቃ ሽያጭ ወይም ከመቀጮው ላይ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ እንዲችል አድርጓል። ይህንንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ያልተጠየቀ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለደረሰው ቁሳዊ ጉዳት የካሣው ልክ የጉዳቱ ልክ ሲሆን፣ ለኅሊና ጉዳት ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳያልፍ ወስኗል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር የሚያኮራ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከደቻቱ ማዶ ያለ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ የአንድ ሳምንት መድኃኒት መግዣ ላይሆን ይችላል።